በኮሎኖስኮፒ የሚያመልጡ ፖሊፖችን ለመቀነስ የቱ ይሻላል? የእጅ ሥራ፣ ውሃ፣ ካፍ፣ ቀለም ወይስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

የኢንዶስኮፒ ክፍል የሚመራ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሻጮች ወረቀት አይጠፋም። አንዱ በስኮፑ (ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ለማየት በፊንጢጣ የሚገባው ካሜራ ያለው ቱቦ) ጫፍ ላይ የሚገጠም ካፍ ያቀርባል፤ ሌላው ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እድገት) የመሰለውን ሁሉ በሣጥን እየከበበ የሚያሳይ ኮምፒውተር፤ ሦስተኛው የብርሃኑን ቀለም የሚቀይር አዲስ ፕሮሰሰር። ሁሉም «ቅድመ ካንሰር እድገቶችን የማግኘት አቅም ይጨምራል» ይላሉ፣ ሁሉም የሚጠቅሱት ጥናት አላቸው። ጥናቶቹም በአብዛኛው እውነተኛ ናቸው። ግራ የሚያጋባው ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ዘዴ የሚፈታው ችግር ይለያያል። የእናንተ ክፍል ችግር ሌላ ከሆነ ምርጡ ዕቃም ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

## ፖሊፕ በምን በምን ያመልጣል

አንድን ሰው በተከታታይ ሁለት ጊዜ በኮሎኖስኮፒ የመረመሩ ስድስት ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ተጠቃለው ታትመዋል። በመጀመሪያው ምርመራ ከነበሩት ፖሊፖች 22 በመቶው አምልጠው ነበር። አዴኖማዎቹ (ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉት ዋናዎቹ ፖሊፖች) ብቻ በመጠን ሲለዩ ደግሞ ከ10 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ካሉት ያመለጡት 2 በመቶ ገደማ፣ ከ5 እስከ 10 ከሚደርሱት 13 በመቶ፣ ከዚያ ካነሱት 26 በመቶ ነበሩ።

መንስኤው ከሦስቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ቆሻሻ ነው፤ እድገቱ በሰገራ፣ በአረፋ ወይም በንፍጥ ተሸፍኗል። ሁለተኛው ድብቅነት ነው፤ ከአንጀቱ እጥፋት ኋላ ወይም ከመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ስላለ ስክሪኑ ላይ ከቶ አልወጣም። ሦስተኛው የዓይን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ወጥቷል፣ ያየው ሰው ግን አላወቀውም።

ሦስተኛውን ቀረብ ብለን እንየው። በቀኙ የትልቁ አንጀት ክፍል የሚበቅለው ጠፍጣፋው ሰሬትድ እድገት (በማይክሮስኮፕ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ሌላ ዓይነት ፖሊፕ) ከዙሪያው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም አለው። ላዩን ቢጫ አረንጓዴ የሚል ስስ ንፍጥ ይለብሳል፣ ጠርዙ ላይ የሰገራ ፍርፋሪ እንደ ቀለበት ይለጠፋል። ከሥሩ ያለው የደም ሥር መረብ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ድንገት ይቋረጣል። የቸኮለ ዓይን «ንፍጥ ነው» ብሎ ያልፋል። ውሃ ረጭቶ ንፍጡን ያነሣ ሰው ግን ከሥሩ ደመና የመሰለ ገጽ፣ ወሰኑ በውል የማይለይ እድገት ያገኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስክሪን ላይ ያልወጣውን አያይም፤ ካፍ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ለማያውቅ ዓይን ምንም አይጨምርም፤ ሁለቱም ሰገራን አሻግረው አያዩም።

## በምን እንመዝን

እያንዳንዱን አማራጭ ስንመረምር የምንጠይቀው ይህንን ነው፦ ከሦስቱ መንስኤዎች የትኛውን ይነካል? የሚያስገኘው በብዛት ጥቃቅን አዴኖማ ነው ወይስ ትልልቁንና ሰሬትዱንም? ስንት ደቂቃ ይጨምራል? ወጪው አንዴ የሚከፈል ነው ወይስ በየታካሚው? ምን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል?

የጋራው መለኪያ የአዴኖማ ግኝት ምጣኔ ነው፤ ቢያንስ አንድ በፓቶሎጂ (በናሙና የላቦራቶሪ ምርመራ) የተረጋገጠ አዴኖማ የተገኘባቸው ምርመራዎች ከጠቅላላው ያላቸው ድርሻ። ቁጥሩ የወረቀት ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት የሐኪሙ ምጣኔ በ1 ነጥብ በጨመረ ቁጥር ከምርመራው በኋላ ካንሰር የመከሰቱ ዕድል በ3 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛው ግብ 25 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ማኅበራት ወደ 35 በመቶ ከፍ አድርገውታል፤ ለሰሬትድ እድገቶችም የራሳቸውን ግብ፣ 6 በመቶ፣ አስቀምጠዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ100 ምርመራ ላይ 30 በመቶ ያገኘ ሐኪም እውነተኛ ምጣኔው ከ21 እስከ 39 በመቶ በየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል። በ500 ምርመራ ክፍተቱ ወደ 4 ነጥብ ግድም ግራና ቀኝ ይጠባል። «ዕቃውን ለአንድ ወር ሞከርነው፣ ከ28 ወደ 34 ወጣን» የሚል ዘገባ ምርመራዎቹ 100 ብቻ ከሆኑ ምንም አላረጋገጠም።

## ምንም ሳይገዙ የሚገኘው

ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ነው፣ የሚዘለለውም ይህ ነው።

ጽዳት። ማጽጃው በሙሉ በዋዜማው ማታ ሲጠጣ፣ በሌሊት ከትንሹ አንጀት የሚወርደው ሐሞትና ንፍጥ ቀኙን ክፍል መልሶ ይለብጠዋል። ያ ደግሞ ሰሬትዱ የሚደበቅበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ ለሁለት ሲከፈል፣ ሁለተኛው ግማሽ ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ይጠናቀቃል። የጠዋት ቀጠሮ ያለው ሰው ሌሊት መነሣት ይኖርበታል። ይህን በግልጽ ያልነገሩት ሰው ሁለተኛውን ግማሽ ይተወዋል ወይም ከፊተኛው ጋር ደርቦ ይጠጣዋል።

ጽዳቱን በቦስተን ሚዛን መዝግቡ፦ ሦስቱ የአንጀት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጣቸዋል፤ በቂ የሚባለው እያንዳንዱ ክፍል 2 እና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው። ድምሩ 6 ሆኖ ቀኙ 1 ከሆነ በቂ አይደለም። ነጥቡ የሚሰጠው ሐኪሙ አጥቦና መጥጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። በክፍሉ ከሚደረጉት ምርመራዎች ቢያንስ 90 በመቶው በቂ ሊሆኑ ይገባል። አረፋ ካስቸገረ ሲሜቲኮን ይጠቅማል። ግን ከማጽጃው ጋር እንዲጠጣ ማድረግ ወይም በመሣሪያ ማስገቢያው ቱቦ በትንሹ መስጠት ይሻላል፤ በውሃ ጠርሙሱ ወይም በውሃ መርጫው መስመር ከገባ ብሩሽ በማይደርስበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ዝቃጩ ይቀራል፣ እጥበትም አያወጣውም።

ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሥራ ሁለት ሐኪሞችን የተከታተለ ጥናት፣ ስኮፑን ከሴከም (ከትልቁ አንጀት መጀመሪያ) ወደ ውጭ ሲስቡ በአማካይ 6 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚወስዱት በ28.3 በመቶ፣ ከዚያ ያነሰ የሚወስዱት በ11.8 በመቶ ተመርማሪዎቻቸው ላይ እድገት እንዳገኙ አሳይቷል። አሁን የሚመከረው አማካይ ቢያንስ 8 ደቂቃ ነው፤ ፖሊፕ ለመቁረጥና ናሙና ለመውሰድ የሚሄደው ጊዜ አይቆጠርም። ሰዓት ለመሙላት ብቻ በፊንጢጣ አካባቢ መቆየት ግን ራስን ማታለል ነው። ጊዜው የሚጠቅመው የእያንዳንዱን እጥፋት ኋላ ለማየት፣ ለማጠብና አንጀቱን በደንብ ለመንፋት ሲውል ነው።

ቀኙን ሁለቴ ማየት። ከሴከም እስከ ጉበት አጠገብ ያለው መታጠፊያ ድረስ እየተመለከቱ መሳብ፣ መልሶ ወደ ሴከም መግባት፣ እንደገና እያዩ መውጣት። አንዳንዶች ሁለተኛውን ዙር የስኮፑን ጫፍ ወደ ኋላ ቀልብሰው ያዩታል። የሚገኘው ከቀጥታው ብዙም አይለይም። የስኮፑ ዘንግ ከተጠማዘዘ ወይም እጅ ላይ መከልከል ከተሰማ ግን መቀልበስ አንጀት ሊበሳ ስለሚችል ይተው። የሚጨመረው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ የሚከፈል ነገር የለም። በእኛ ግምት ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በነገው ጠዋት ሊጀመር የሚገባው ይህ ነው።

አቀማመጥ መቀየር። አየር ወደ ላይ ይወጣልና የሚመረመረው ክፍል ላይ እንዲሆን ማድረግ ነው፦ ሴከምና ወደ ላይ የሚወጣው አንጀት በግራ ጎን ተኝቶ፣ አግድሙ በጀርባ፣ በጣፊያ በኩል ያለው መታጠፊያና ወደ ታች የሚወርደው በቀኝ ጎን። ተመርማሪው ከባድ ማደንዘዣ ከወሰደ ሁለት ነርሶች ስለሚያስፈልጉ ብዙ ቦታ አይደረግም።

አንጀት ሲኮማተር በደም ሥር የሚሰጠው 20 ሚሊ ግራም ሃዮሲን ለዕይታ ይረዳል። የአዴኖማ ግኝትን ይጨምራል የሚለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ ወይም ፈጣን የልብ ምት መዛባት ላለበት ሰው አይሰጥም።

## ውሃ በአየር ፋንታ

ሁለት የሚምታቱ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው በውሃ ገብቶ ውሃውን ሲወጡ መምጠጥ ነው። ሁለተኛው፣ በአዴኖማ ግኝት የተሻለ ማስረጃ ያለው፣ የውሃ ልውውጥ ይባላል፦ ገና ሲገቡ የአየር ፓምፑ ይዘጋል፣ ንጹሕ ውሃ እየገባ ቆሻሻው በዚያው ይመጠጣል፣ አንጀቱ እንደተኮማተረ ሴከም ይደረሳል። ጋዙ የሚከፈተው ስኮፑ ሲመለስ ነው። ያኔ ግድግዳው ታጥቦ ስለቆየ ሐኪሙ ጊዜውን በማጠብ ሳይሆን በማየት ያሳልፋል። ሕመሙም ይቀንሳል።

ድክመቱ መግቢያው መርዘሙና ልምምድ መጠየቁ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው በብዛት አንድ ቦታ ነው፦ ውሃው ሲደፈርስ አቅጣጫ ይጠፋውና የአየሩን ቁልፍ ይጫናል፤ አንጀቱ ይነፋል፣ ጥቅሙም እዚያው ይጠፋል። ሲደፈርስ ማቆም፣ መምጠጥ፣ ንጹሕ ውሃ መጨመር ነው።

## ካፕና ካፍ

ካፕ ከስኮፑ ጫፍ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። እጥፋትን ገፋ አድርጎ ኋላውን ያሳያል፤ ወደ ሴከም ለመድረስና አስቸጋሪ ቦታ ያለ ፖሊፕ ለመቁረጥም ይመቻል። ግኝት ላይ የሚጨምረው መጠነኛ ነው። አንጀቱ ካልጸዳ ሰገራ ጉያው ውስጥ ይታጨቅና ሌንሱን ይጋርዳል።

ካፍ ለስላሳ ክንዶች አሉት። ሲገባ ወደ ኋላ ይተኛሉ፣ ስኮፑ ሲሳብ ይከፈቱና እጥፋቱን ይዘረጋሉ። 1,772 ሰዎች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት ምጣኔው ከ36.2 ወደ 40.9 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። ጭማሪው የጎላው በሰገራ ምርመራ ደም ተገኝቶባቸው በተላኩት ላይ ነበር።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ይበላሻል። ካፉ የሚመረጠው በስኮፑ የጫፍ ውፍረት ነው፤ ለቀጭኑ ስኮፕ የሰፊውን ከገጠሙ ሲግሞይድ (ከፊንጢጣ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ክፍል) ውስጥ ወልቆ ይቀራል፣ ያኔ በመያዣ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ጫፉ ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ቅባት ካፉ ከተገጠመ በኋላ እንጂ በፊት አይነካውም። ጠርዙ ከስኮፑ ጫፍ ጋር እስኪተካከል ይገፋል፣ ምስሉ ላይ ጥቁር ጠርዝ እንዳልገባ በስክሪን ይታያል፣ ከዚያ ሳብ ተደርጎ ይፈተናል። ለጠበበ አንጀት፣ ለተቆጣ ኮላይተስ (የትልቁ አንጀት ቁጣ) እና ለከባድ ዳይቨርቲኩሎሲስ (ግድግዳው ላይ ትንንሽ ከረጢቶች መውጣት) አይሆንም። ወደ ትንሹ አንጀት መጨረሻ መግባት ግድ ከሆነም ያስቸግራል። ግድግዳው ላይ ቀላል ጭረት መተው የተለመደ ነው።

## ቀለም፣ በመርጫም በቁልፍም

ኢንዲጎ ካርሚን ጎድጓዳው ውስጥ እየተጠራቀመ ጠርዝን ያጎላል፤ ሜቲሊን ብሉ ወደ ጤነኛው ሕዋስ ይሰርጋል። ሙሉ አንጀትን መርጨት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ያልታጠበ ቦታ ላይ ከተረጨም ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ለመደበኛ ቅድመ ምርመራ አይመከርም። ለብዙ ዓመት አልሰራቲቭ ኮላይተስ ወይም ክሮንስ (ሁለቱም የአንጀት ቁጣ በሽታዎች) ላለበትና ሊንች ሲንድሮም (ለአንጀት ካንሰር የሚያጋልጥ በዘር የሚተላለፍ ችግር) ላለበት ሰው ግን ቦታው እዚህ ነው።

ከማጽጃው ጋር የሚዋጥ የሜቲሊን ብሉ ጽላትም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት ምጣኔው ከ47.8 ወደ 56.3 በመቶ ከፍ ብሏል። የጂ6ፒዲ ኤንዛይም እጥረት ያለበት ሰው መውሰድ የለበትም፤ ሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ የድብርት መድኃኒቶች የሚወስድም አስቀድሞ ይጠየቅ። ሽንት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ እንደሚሆን ካልተነገረው ሌሊት ደንግጦ ይደውላል።

በፕሮሰሰሩ ቁልፍ የሚበራው ጠባብ የብርሃን ክልል ዕይታ ርካሽ ነው፤ ማሽኑ ላይ ካለ ተከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጠቃለሉ ጥናቶች ምጣኔው በጠባቡ ብርሃን 45.2፣ በነጩ ብርሃን 42.3 በመቶ እንደሆነ አሳይተዋል፤ ጥቅሙም ያለው ብርሃኑ ደማቅ በሆነው አዲሱ ትውልድና አንጀቱ በጣም ሲጸዳ ነው። በዚህ ብርሃን ሐሞት ደም መስሎ ይቀላልና ጽዳቱ መካከለኛ ከሆነ ከነጩ ብርሃን ይብሳል። ለእኛ ዋና ጥቅሙ ፍለጋ ላይ ሳይሆን የተገኘው ምን ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ነው።

## ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በጥናት ላይ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ቁጥር የዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቻይና ምጣኔው ከ20.3 ወደ 29.1፣ በ2020 በጣልያን ከ40.4 ወደ 54.8 በመቶ ወጥቷል። በ2022 አንድን ሰው ሁለቴ የመረመረ ጥናት ደግሞ የሚያመልጡት አዴኖማዎች ከ32.4 ወደ 15.5 በመቶ እንደወረዱ አሳይቷል።

አሁን ከቁጥሩ ኋላ ያለው። ተጨማሪ የሚገኘው አብዛኛው ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነው። ትልልቅና አደገኛ አዴኖማዎችን በመጨመር ረገድ ማስረጃው ደካማ ነው፣ ሰሬትዱ ላይም እንዲሁ። በጥናት ሳይሆን በዕለት ሥራ ላይ የተመዘገቡ በርካታ ዘገባዎች ጭማሪ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ጋስትሮኢንተሮሎጂ ማኅበር ለመምከርም ለመቃወምም አልወሰነም፤ በዚያው ዓመት ሌላ ዓለም አቀፍ ቡድን በመደበኛነት እንዳይውል ሲል ለዘብ ያለ ምክር ሰጥቷል።

ሥራ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው፦ ሣጥኑ በእጥፋት ጥላ ላይ ብልጭ ይላል፣ በአረፋ ላይ፣ በትንሹ አንጀት በር ከንፈር ላይ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። አንድ ጥናት በአንድ ምርመራ በአማካይ 27 ገደማ የሐሰት ምልክት ቆጥሯል፤ አብዛኛው የግድግዳ ጥላ ነው። ልምድ ያለው ሰው በሰከንድ ክፋይ ያልፈዋል። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው፦ ሃያ ጊዜ ያሳሳተውን ሣጥን ሃያ አንደኛው ላይ፣ እውነት ሲሆን፣ ማለፍ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 በፖላንድ አራት ማዕከላት የተደረገ ጥናት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከገባ በኋላ ሐኪሞቹ ያለ እርሱ በሠሯቸው ምርመራዎች ላይ ምጣኔው ከ28.4 ወደ 22.4 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። ጥናቱ መንስኤውን አያረጋግጥም። ተማሪ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ክፍል ግን እንደዋዛ ሊያልፈው አይገባም።

ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር ይጣራ፦ ካላችሁ ፕሮሰሰር የምስል መስመር ጋር ይገናኛል? ሣጥኑ ምስሉን ሳያዘገይ ይታያል? ፈቃዱ አንዴ የሚገዛ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚከፈል? አራተኛውን ፓቶሎጂው ይጠይቃችኋል፤ የሚላኩለት ብልቃጦች ይበዛሉ።

## ባጭሩ ሲነጻጸሩ

| ዘዴ | የሚነካው መንስኤ | የሚያስገኘው | የሚጨምረው ጊዜ | ወጪ | ዋና ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| ለሁለት የተከፈለ ጽዳት | ቆሻሻ | ሁሉንም፣ ሰሬትድንም | የለም | የለም ማለት ይቻላል | መመሪያው ግልጽ ይሁን |
| ቀኙን ሁለቴ ማየት | ድብቅነት፣ ዓይን | የቀኙን አዴኖማና ሰሬትድ | ጥቂት ደቂቃ | የለም | ሲከለክል አለመቀልበስ |
| የውሃ ልውውጥ | ቆሻሻ | አዴኖማ | መግቢያው ይረዝማል | አነስተኛ | ልምምድ ይፈልጋል |
| ካፕ | ድብቅነት | መጠነኛ | የለም | አነስተኛ፣ በየታካሚው | ቆሻሻ ይይዛል |
| ካፍ | ድብቅነት | በብዛት ትንንሽ አዴኖማ | የለም ማለት ይቻላል | መካከለኛ፣ በየታካሚው | ጠባብና የተቆጣ አንጀት |
| የሚረጭ ቀለም | ዓይን | ጠፍጣፋ እድገት | ብዙ | አነስተኛ | ለከፍተኛ ስጋት ብቻ |
| ጠባብ ብርሃን | ዓይን | ጥቂት | የለም | ማሽኑ ላይ ካለ የለም | ጽዳት ካነሰ ይጎዳል |
| ሰው ሠራሽ አስተውሎት | ዓይን | በብዛት ጥቃቅን አዴኖማ | ትንሽ | ከፍተኛ | ያልታየውን አያይም |

## ለማን የቱ

ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ካላወቃችሁ በመጀመሪያ ከእያንዳንዱ ሐኪም አሥር ምርመራ፣ ስኮፑ የሚመለስበትን ክፍል ብቻ በቪዲዮ ቅዱ። ስሙን የማያውቅ ባልደረባ በአራት ነጥብ ይመዝነው፦ የእጥፋት ኋላ ታይቷል? ታጥቧል? ተነፍቷል? ጊዜ ተሰጥቶታል? የሚከተለው ምክር በዚህ መልስ ላይ የቆመ ነው።

በቂ ጽዳት ያላቸው ምርመራዎች ከ90 በመቶ ካነሱ ምንም አትግዙ። ገንዘቡን መመሪያውን በሚገባ ቋንቋ ለማተምና በዋዜማው ስልክ ለሚደውል ሰው አድርጉት።

ገንዘብ ከሌለ፣ ቀኙን ሁለቴ ማየትና አቀማመጥ መቀየር ይጀመሩ። የውሃ ልውውጥን ፍላጎት ያለው አንድ ሐኪም ተምሮ ሌላውን ያስተምር።

ጽዳቱ ጥሩ ሆኖ ቪዲዮው ላይ የእጥፋት ኋላ የማይታይ ከሆነ ችግሩ ድብቅነት ነው፤ በመጀመሪያ ሥልጠና፣ ከዚያ ካፍ። በሰገራ ምርመራ ደም ተገኝቶባቸው የሚላኩ ሰዎች ከበዙ ካፉን ለእነርሱ ብቻ መያዝ ወጪውን ይቆጥባል።

ሁሉም በደንብ ታይቶ ምጣኔው ግን ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ ዓይን ነው። አዴኖማው ደህና ሆኖ ሰሬትዱ ብቻ ከጎደለ ኮምፒውተር አይፈታውም፤ ከፓቶሎጂው ጋር ተቀምጦ የተገኙትን ምስሎች መገምገም ይፈታዋል። ጥቃቅኑ አዴኖማ ከጎደለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትርጉም ያለው ግዢ ይሆናል።

የአንጀት ቁጣ በሽታ ወይም ሊንች ያለባቸውን የሚከታተል ክፍል ቀለም መርጨትን ይልመድ።

ምጣኔው ቀድሞ ከ45 በመቶ በላይ የሆነ ሐኪም ከየትኛውም ዕቃ የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ በጀቱ ወደ ደካማው ባልደረባ ይሂድ።

የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ለሦስት ወር በውሰት ጠይቁ፤ ከመግባቱ በፊት ያለውን ቁጥር በተመሳሳይ ዓይነት ተመርማሪዎች ላይ መዝግቡ። ምጣኔውን ብቻ ሳይሆን በአንድ ምርመራ የሚገኙትን የአዴኖማዎች ብዛትም ቁጠሩ፤ አንድ አግኝቶ «በቃኝ» የሚል ሐኪም በምጣኔው አይለይም፣ በብዛቱ ግን ወዲያው ይታወቃል። ከ10 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያሉትንና ሰሬትዶቹን ለየብቻ ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ የጨመሩት የ2 ሚሊ ሜትር ፖሊፖች ብቻ ከሆኑ፣ ለሻጩ ከመፈረም በፊት የፓቶሎጂው ወጪ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።